«ደንበኛ ባዶ እጁን አይውጣ» ላሉን ጸሐፊ፤ ከደብረ ብርሃን የተሰጠ ምላሽ

የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ነው የሚሠራው። ባለፈው ሳምንት ማታ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ከሥሩ «አክስቴ፣ ይህቺን አንብቢና ሱቁን አሳድጊው» ይላል። ጽሑፉ የንግድ ገቢን በ90 ቀን ውስጥ እጥፍ ስለማድረግ ነው። ግማሹ ስለ አሻሻጥ ዘዴ፣ ግማሹ ሠራተኛን ስለ ማነቃቃት ያወራል። ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ብዕራቸው ግን ይጣፍጣል፤ ቡናዬ ሳይቀዘቅዝ ጨረስኩት። ደብረ ብርሃን ላይ ይህ ቀላል ምስጋና አይደለም።

ከዚያ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጸሐፊው ከመከሩት ውስጥ አብዛኛውን በራሴ ገንዘብ ሞክሬዋለሁ። የከሰርኩበትን ነገር ሰው «ምስጢር» ብሎ ሲጽፈው ዝም ማለት ይከብዳል።

ሱቄ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ነው። ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ፌሮ፣ ሲሚንቶ፣ ቀለም። ከአባቴ ከተረከብኩት 13 ዓመት ሆነው። ካሸሯን ጨምሮ አራት ሠራተኞች አሉኝ። ከደንበኞቼ ግማሾቹ የከተማው ሰዎች ናቸው። ሌሎቹ ከመንዝ፣ ከአንጎለላ፣ ከባሶና ወራና የሚመጡ ገበሬዎች ናቸው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ከየት ሆኜ እንደምናገር እንዲታወቅ ነው። ጸሐፊው እንደደረደሩት ልሂድ። አንዳንዱ ላይ እቆያለሁ፣ አንዳንዱን ዘልዬው አልፋለሁ።

መጀመሪያ የሚሉት ይህ ነው፦ ደንበኛ ባዶ እጁን መውጣት የለበትም። «ጠይቄ እመለሳለሁ» ካለ አመለጠ ማለት ነው። ስለዚህ ሻጩ አጣድፎ ይያዘው። ነገ ዋጋ ይጨምራል ይበለው። የቀረው ይህ ብቻ ነው ይበለው።

መንገደኛ አንዴ አይቶ በሚያልፍበት ቦታ ይህ ሳይሠራ አይቀርም። እኛ ጋ ቆርቆሮ የሚገዛ ሰው ግን ሌላ ነው። በሬ ወይም በጎች ይሸጣል። የገብሱን ይጨምርበታል። ሌሊት ተነስቶ በሞላሌ፣ በመዘዞ፣ በጣርማበር አድርጎ ደብረ ብርሃን ይገባል። አራት ሱቅ ይጠይቃል። ለወንድሙ ይደውላል። አናጢው አብሮት ከመጣ ቆርቆሮውን ያንኳኳዋል፣ ጫፉን አጠፍ ያደርገዋል። ይህ ሰው ቤት የሚሠራው በዕድሜው አንዴ ነው፣ ቢበዛ ሁለቴ። «እንግዲያው ስለማይመለስ አጣድፊው» ይሉኝ ይሆናል ጸሐፊው። እሱ ላይመለስ ይችላል፤ ጎረቤቱ ግን ይመጣል። የጎረቤቱ አማች ይመጣል። ወይም ሁሉም ይቀራሉ።

እንዴት እንደሚቀሩ ላውጋችሁ።

ቆርቆሮ በጌጅ ነው የሚለካው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ ይሄዳል። 28 ጌጅ ወፍራም ነው፣ 32 ከሱ ይሳሳል፣ 35 ደግሞ ከሁለቱም። ይህን የማያውቅ ሰው ትልቁ ቁጥር የተሻለ ይመስለዋል። ከዓመታት በፊት አንድ ቀልጣፋ ልጅ ቀጥሬ ነበር፤ ምላሱ ቅቤ ነው። አንድ የመንዝ ሰው መጥተው 32 ጌጅ ጠየቁ። የዚያን ቀን የነበረን 35 ብቻ ነው። ሰውየው «እስቲ ዞር ዞር ብዬ ልጠይቅ» ብለው ሊወጡ ሲሉ ልጁ «አባቴ፣ 35 እኮ ከ32 ይበልጣል፤ ደግሞ ነገ ዋጋ ይጨምራል» አላቸው። ገዙ። ባዶ እጃቸውን አልወጡም። እኔም ማታ ሒሳብ ስንዘጋ ልጁን አመሰገንኩት። ምን ብሎ እንደሸጠላቸው አልጠየቅሁም።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ለለቅሶ ወደ ሞላሌ ወጣሁ። ድንኳኑ ውስጥ ከየት እንደመጣሁ ሲነገር አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው አዩኝ።

«የቆርቆሮ ቤቱ ባለቤት አንቺ ነሽ?»

አዎ አልኩ።

«ልጅሽ 35 ይበልጣል አለኝ። አልዋሸኝም። ቁጥሩ ይበልጣል።»

ለቀስተኛው ሳቁን ዋጠ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። በኋላ እንደሰማሁት የዚያ አካባቢ ሰው እኔን እየዘለለ ሌላ ሱቅ ሲገዛ ነው የከረመው። እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ መንገዱ ነው፣ የኑሮ ውድነቱ ነው እያልኩ ስመራመር ነበር።

መንዝ ላይ በቤት ክዳን የሚቀልድ የለም። ሣሩ እንኳ በሥርዓት የሚታጨድ አገር ነው። ጓሳ የሚባለው ሣር ቄሮ በሚባለው የድሮ ሥርዓት ለዓመታት ተዘግቶ ይጠበቅ ነበር፤ የሚታጨደውም ማኅበረሰቡ ሲፈቅድ ነበር። በዚያ ሣር ቤቱን ሲከድን የኖረ ሰው አንድ ክዳን ስንት ክረምት መቆየት እንዳለበት ከእኔ በላይ ያውቃል።

አሁን ሱቁ በር ላይ ሦስት ቁራጭ ቆርቆሮ በገመድ አንጠልጥያለሁ፤ 28፣ 32፣ 35። ገዢው ራሱ በእጁ ይሞክረው። ብዙ ሰው ነካክቶ ባዶ እጁን ይወጣል። ከአናጢው ጋር ተመልሶ የሚመጣው ግን ብዙ አይከራከርም።

ሁለተኛው ምክር ቅናሽ ነው። «10 በመቶ ብቻ ቀንሱ፣ ሕዝቡ ይጎርፋል» ነው ነገሩ። 10 በመቶ ስትባል ጆሮ ላይ ትንሽ ናት። እስቲ እናስላት።

በ800 ብር የመጣ ዕቃ በ1,000 ብር ይሸጣል እንበል። ትርፉ 200 ነው። በወር 20 ፍሬ ብሸጥ 4,000 ብር አገኛለሁ። አሁን 10 በመቶ ልቀንስ። ዋጋው 900 ሆነ። ትርፉ ግን ከ200 ወደ 100 ወረደ፤ ግማሹ ሄደ። ያንኑ 4,000 ለማግኘት 40 ፍሬ መሸጥ ሊኖርብኝ ነው። 15 በመቶ ብቀንስ ትርፉ 50 ብር ነው፤ 80 ፍሬ እሸጣለሁ። 20 በመቶ ከሆነ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በነፃ ሳሸክም ዋልኩ። የኪራዩን፣ የመብራቱን፣ የጫኝና አውራጁን ገና አልነካሁም።

በሌላ በኩል 5 በመቶ ብጨምር ዋጋው 1,050፣ ትርፉ 250 ይሆናል። 16 ፍሬ ብሸጥ 4,000 ሞላ። ከ20 ገዢ አራቱ ጥለውኝ ቢሄዱ እንኳ ያው ነኝ። ዋጋ ጨምሩ እያልኩ አይደለም፤ ሰውም ኑሮው ከብዶታል። ቅናሽ ከመለጠፋችሁ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ ነው የምለው። ቅናሽ ቦታ አለው። ጫፉ የታጠፈ ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮው የተጨረመተ ቀለም፣ ገንዘቤን ታቅፎ ዓመት የተኛ ዕቃ፤ እሱን በመጣበት ዋጋም ቢሆን ልሸኘው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው አንድ ነገር ያምታታሉ። ገቢ ሲሉ መሳቢያ ውስጥ የገባውን ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ሰው ዋጋ ይንራል ብሎ ፈራ። የሚሠራውም የማይሠራውም እየመጣ ገዛ። መሳቢያው ሞላ። እኔም ደስ ብሎኝ በአሮጌው ዋጋ ሸጥኩ። የሸጥኩትን ልተካ መርካቶ ስወርድ ያው ገንዘብ ያንን ያህል ዕቃ አላነሳም አለ። ገቢዬ ጨምሮ መደርደሪያዬ የጎደለበት ወር ነው። በጸሐፊው አቆጣጠር ግን ጀግና ነበርኩ።

እንቅልፍ የነሳኝ ሦስተኛው ነው። ደመወዝ ሰውን ያሰንፋል ይላሉ። ደመወዙን ዝቅ፣ ኮሚሽኑን ከፍ አድርጉ፤ የራበው ሻጭ ይሸጣል።

የራበው ሻጭ ይሸጣል፣ ልክ ነው። ምን እንደሚሸጥ ነው ጥያቄው።

እኔም አንድ ሰሞን የደመወዝ ጭማሪውን ትቼ በምትኩ ከሽያጭ ላይ ኮሚሽን አሰብኩላቸው። የመጀመሪያው ወር ሽያጭ ዘለለ። ደስ አለኝ። በሦስተኛው ወር የዱቤ መዝገቡን ስከፍት ግን የማላውቀው ሰው ሁሉ ተጽፎበታል። ኮሚሽኑ የሚታሰበው በተሸጠው እንጂ በተሰበሰበው አይደለማ። ልጆቹ ወር ሲሞላ ድርሻቸውን ወሰዱ። እኔ ብሬን ፍለጋ እስከ ፋሲካ ዞርኩ። አንድ ጋሎን ቀለም የሚበቃው ሰው ሦስት ጋሎን ተሸክሞ መሄድ ጀመረ። ሩብ ኪሎ ሚስማር የሚጠይቅ ደግሞ ቆሞ ይቀራል፤ ኮሚሽኗ ምን አላት? ሩብ ኪሎ ሚስማር የሚገዛው ግን አናጢ ነው። ቆርቆሮውን ከየት እንደሚገዛ ለባለቤቱ የሚነግረው እሱ ነው።

ልጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም። የከፈልኩበትን ነው የሠሩት።

ይህ የእኛ ሠፈር ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ዌልስ ፋርጎ የሚባለው ትልቅ ባንክ ሠራተኞቹን «ለአንድ ደንበኛ ስምንት ዓይነት አገልግሎት ሽጡ» እያለ ይገፋ ነበር። ሠራተኞቹ ታርጌቱን ለመሙላት ደንበኛው ሳያውቅ በስሙ ሒሳብ መክፈት ጀመሩ። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ወደ 5,300 የሚሆኑ ሠራተኞችም በዚሁ ምክንያት መባረራቸው ታወቀ። ያለፈቃድ የተከፈተው ሒሳብ በኋላ ሲቆጠር እስከ 3.5 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተገመተ። አምስት ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ሌባ ሆኖ አይቀጠርም።

«ደመወዝ ያሰንፋል» ለሚለው ደግሞ የሄንሪ ፎርድን ነገር ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1913 የመኪና ፋብሪካው ሠራተኛ አልበረክት አለው። 14 ሺህ ያህል ሰው ሥራ ላይ ለማቆየት በዓመቱ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ቀጠረ። አንዱ ይገባል፣ ሌላው ይወጣል። በ1914 የቀን ክፍያውን ወደ 5 ዶላር አደረሰው፤ ከቀድሞው እጥፍ ማለት ነው። የሥራ ሰዓቱንም ከ9 ወደ 8 አወረደው። ሠራተኛው ረጋ። ፎርድ ጻድቅ ስለነበር አይደለም፤ ሰው በለቀቀ ቁጥር የሚከስረውን ስላሰላ ነው። የእኔም ሒሳብ ከዚያ አይርቅም። አዲስ ልጅ ባለ 8 ፌሮን ከባለ 10 በዓይኑ ለመለየት፣ የዕቃውን ቦታ ለማወቅ፣ የደንበኛውን ስም ለመያዝ ስድስት ወር ይፈጅበታል። በሰባተኛው ወር ቢለቅ ለጎረቤት ሱቅ በነፃ አሠልጥኜ አስረከብኩ።

አሁን ደመወዝ ወሩ በሚያልቅበት ቀን ይከፈላል፤ አንድ ቀን አያልፍም። ኮሚሽንም አለ፣ ትንሽ ነው። የሚታሰበው ብሩ እጄ ሲገባ ብቻ ነው። አራቱም እኩል ይካፈሉታል። አንደኛው ልጅ መጀመሪያ ላይ አኩርፎ ነበር። «እትዬ፣ እኔ ላቤን ጠብ አድርጌ ስሸጥ እሷ ካሸር ላይ ተቀምጣ እኩል ትወስዳለች?» አለኝ። ምንም አልመለስኩለትም። ካሸሯ በቀረችበት አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው በደራበት ሰዓት «በል እዚህ ተቀመጥና ደረሰኝ ቁረጥ» አልኩት። ማታ መልስ መመለሱ፣ የቴሌብሩን ከጥሬው መለየቱ፣ ሒሳቡ አልገጥም ማለቱ አናቱን አዞረው። ጥያቄውን ደግሞ አላነሳውም።

ጸሐፊው ታርጌት ያልሞላ ሠራተኛ ከደመወዙ ይቆረጥበት ማለታቸውንም አይቻለሁ። ይህን እንኳ ከመምከራቸው በፊት አዋጁን ቢያዩት መልካም ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ደመወዝ እንደፈለጉ አይነካም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊኖር ይገባል፤ ካልሆነም ሠራተኛው በጽሑፍ ይስማማ። ቢቆረጥም ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም።

ከዚያ ወደ ሰሌዳው ይመጣሉ። የእያንዳንዱን ሻጭ ሽያጭ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፣ አንደኛ የወጣው ይወደስ፣ መጨረሻ የወጣው በየሦስት ወሩ ይሰናበት። አራት ሠራተኛ ባለበት ቤት! አራቱም ጎበዝ ቢሆኑ እኮ አራተኛ የሚወጣ መኖሩ አይቀርም። ማይክሮሶፍት እንኳ ሠራተኞቹን በደረጃ እየደረደረ መመዘኑን እ.ኤ.አ. በ2013 ትቶታል። ሰዉ እርስ በርስ መጠላለፍ ይዟል የሚል ወቀሳ በዝቶበት ነበር።

እኔ ሰሌዳ የሰቀልኩት ለሁለት ወር ነው። አንዱ ልጅ ደንበኛ ለሌላው እንዳይደርስበት ምሳ መውጣት ተወ። ሌላው የደንበኞቹን ስልክ ቁጥር በኪሱ ደብተር ለብቻው ያዘ፤ የሱቁ ደንበኛ የኪስ ደንበኛ ሆነ። ቀለም መደባለቅ የሚችለው ልጅ ደግሞ «የእኔ ደንበኛ አይደለም» ማለት ጀመረ። ሰሌዳውን አውርጄ የሲሚንቶ ዋጋ ጻፍኩበት። እስካሁን ለዚያ እያገለገለ ነው። በየሦስት ወሩ ማሰናበት የሚባለውም በአፍ የሚቀል ነገር ነው። 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሰው የሚሰናበተው ሕጉ በሚቀበለው ምክንያት ነው። ማስጠንቀቂያም አለ፤ ከሙከራው በኋላ እስከ አንድ ዓመት ለሠራ የአንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ የሁለት ወር።

ጠዋት ጠዋት ሠራተኛውን ሰብስቦ መፈክር ስለማሰማትና ስለማስጨብጨብም አንድ ገጽ ያህል ጽፈዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳር ጠዋት የብረት መዝጊያ ሲነኩት ይናከሳል። እዚህ ሰው የሚነቃው በሻይ ነው፣ ስኳሩ በዛ ተደርጎ። ሻያቸውን ሲይዙ ምን ዕቃ እንደሚገባ፣ ምን እንዳለቀ እነግራቸዋለሁ። አምስት ደቂቃ አይሞላም። ጭብጨባው ለሠርግ ይቆየን።

ቀጥሎ ያለው ምክር ደግሞ ለእኔ የሁሉም ቁልፍ ነው፤ በተገላቢጦሽ ግን። «የለም» የሚለውን ቃል ከሱቃችሁ አጥፉ ይላሉ። ደንበኛው የጠየቀው ከሌለ ያለውን ሽጡለት። የ35 ጌጁን ታሪክ ያነበበ መልሱን ያውቀዋል። እኔ ግን «የለም»ን ከማጥፋት ይልቅ መጻፍ ጀመርኩ። አንድ የተማሪ ደብተር ገዝቼ ካሸሯ አጠገብ አስቀመጥኩ። ደንበኛ ጠይቆ ያጣውን ነገር ሁሉ ጻፉ አልኳቸው፤ ስሙንና ቀኑን ብቻ።

በመጀመሪያው ወር ደብተሩ ያሳየኝ ነገር አሳፈረኝ። ደጋግሞ የተጻፈው ኮልሞ ነበር፤ የጣሪያው አናት መጋጠሚያ የሚከደንበት ቆርቆሮ። ቆርቆሮ አለን፣ ሚስማሩ አለን፣ ኮልሞ የለንም። እኔ ኮልሞ ትርፉ ትንሽ ነው፣ ቦታም ይይዛል ብዬ ጥቂት ነበር የማመጣው። ገዢው ግን ኮልሞውን ለብቻው አይገዛም። ኮልሞ ፍለጋ ሌላ ሱቅ ከሄደ ቆርቆሮውንም ከዚያው ጭኖ ይሄዳል፤ መኪናው አንድ ነው፣ ሁለት ቦታ ለምን ያስጭናል? ለወራት «ልጆቹ መሸጥ አቃታቸው» ስል የነበረው ይህንን ነው። የልጆቹ ምላስ አልነበረም የጎደለው። ኮልሞ ነው የጎደለው። ያመጣሁት እኔ፣ ያላመጣሁትም እኔ።

ደብተሩ እያደር ሌላም ነገር ነገረኝ። ልጆቹ ራሳቸው በጎን መጻፍ ጀመሩ። «20 ብር ቀንሱልኝ ብሎ ሄደ፣ እትዬ ባንክ ነበረች» የሚል አገኘሁ። እውነት ነው፤ እኔ ከሌለሁ አንድ ብር የመቀነስ ፈቃድ አልነበራቸውም። ገዢው ቆሞ ልጁ ስልክ ይደውላል። እኔ ባንክ ሰልፍ ላይ ሆኜ አላነሳም። አሁን ለየዕቃው የመጨረሻው ዋጋ ተጽፎ መሳቢያው ውስጥ አለ። እስከዚያ ድረስ ልጁ ራሱ ይወስናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲያናግሩ ድምፃቸው ራሱ ተቀየረ፤ የሱቁ ሰው ሆኑ። ይህን በየትኛው መፈክር አመጣው ነበር?

አንዱ ደግሞ ከቀልድ ጋር «ወንበር የለም» ብሎ ጻፈ። ማንም ደንበኛ ወንበር አልጠየቀም። ገባኝ፤ ሁለት ዱካ ገዛሁ።

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ማስታወቂያ በጉልህ ለጥፉ ማለታቸውን ብዙ አልከራከርበትም። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማቹ የገዛው ዕቃ ጉድለት ካለበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ወረቀቱ ቢለጠፍም ባይለጠፍም። እኔ ጋ ያልተከፈተ ጋሎን ቀለም ከነደረሰኙ ይመለሳል። አናጢዎች ይህን ስላወቁ ሲገዙ አይሳሱም፤ ይጎድላል ብለው ከሚፈሩ ይተርፋል ብለው ይወስዳሉ። የሚመልሱት ከሚወስዱት አይበዛም።

በአንዱ ነጥብ ግን እጅ እነሳለሁ። ከሸጣችሁ በኋላ ደንበኛውን ደውላችሁ ጠይቁ ይላሉ። ትክክል! ይህን ከእሳቸው በፊት ባውቀው ኖሮ ሞላሌ ድንኳን ውስጥ አላፍርም ነበር። የምጨምረው ስለ ጊዜው ብቻ ነው። እሳቸው በሦስተኛው ቀን ደውሉና ሌላ ዕቃ አስተዋውቁ ይላሉ። በሦስተኛው ቀን እኮ ቆርቆሮው ገና አልተመታም። እኔ የምደውለው ክረምቱ ሲገባ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ከባድ ዝናቦች ከጣሉ በኋላ። «ጋሼ፣ ቤቱ አፈሰሰ ወይ?» እላለሁ። ሌላ ምንም አልሸጥም። ብዙዎቹ ይመርቁኛል። አንዳንዱ «በስተ ምሥራቅ በኩል ጠብ ይላል» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ሚስማሩ ከጉብታው ላይ ሳይሆን ከጎድጓዳው ላይ ተመትቶ ነው፤ ውኃው በዚያ ይወርዳላ። እንዴት እንደሚደፈን በስልክ እነግረዋለሁ። ስልክ ለመያዝ ኮረብታ የሚወጣም ደንበኛ አለኝ፤ እሱን እስኪደውል እጠብቃለሁ።

የቀረኝ ርዕሱ ነው፤ 90 ቀኑ። ጸሐፊው የትኛውን 90 ቀን እንደሆነ አልነገሩንም። ሰሜን ሸዋ ላይ ይህ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ከሆነ የመኸሩ እህል ተወቅቶ ገበያ ወጥቷል። ሰውም ዝናብ ሳይቀድመው ሊከድን ይሯሯጣል። በዚያን ጊዜ ምላስ የሌለው ሻጭም ይሸጣል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ከሆነ ገበሬው እርሻው ላይ ነው፣ ብሩ ማዳበሪያና ዘር ላይ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ደጋው ላይ በልጉ ከያዘ በዚያው ሰሞን ትንሽ ገብስ ይገባና ጥቂት ሰው ይመጣል። በልጉ ከቀረ እሱም የለም።

ለአሥራ ሁለቱም ወር አንድ ዓይነት ታርጌት የሰጠሁበት ዓመት ነበር። ልጆቹ መጋቢት ላይ ያለ ልፋት ሞሉት። ነሐሴ ላይ ተሳቀቁ። ሁለቱም የእነሱ ሥራ አልነበረም። አሁን የሦስት ዓመት መዝገብ አውጥቼ ወር ከወር ነው የማመሳክረው፤ ሐምሌን ከአምናው ሐምሌ ጋር። በክረምት ሽያጩ ሲቀዘቅዝ ዕቃ እንቆጥራለን፣ መደርደሪያ እንጠግናለን፣ ዱቤ ያለበትን እናስታውሳለን፣ ተራ በተራ ዓመት ፈቃድ ይወጣሉ።

ጸሐፊው ግን በሐምሌም እጥፍ ይሆናል ካሉ ሱቁ ክፍት ነው። ጋቢ ይዘው ይምጡና 90 ቀን ይሽጡልኝ። ደመወዛቸውን በወሩ እከፍላለሁ፣ ሻይ በእኔ ነው። ደብተሩም ካሸሯ አጠገብ አለ፤ ሰው ጠይቆ ያጣውን ይጻፉልኝ።